ክኒን አልዋጥ ሲል

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሕሙማንን ቤት እየዞረ የሚጎበኝ ካህን ከትራስ ሥር ወይም ከመስኮት ደፍ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ መድኃኒት ሳያይ አይቀርም። «መድኃኒቱን ትወስጃለሽ ወይ ልጄ?» ሲል የሚያገኘው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «አዎ፣ አባቴ» የሚል ነው። ፌስታሉ ግን አልጎደለም። ሕሙማን መድኃኒት ስለሚያቋርጡባቸው ምክንያቶች በየስብሰባው ብዙ ተነግሯል፤ መርሳት፣ ተስፋ መቁረጥ፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ማጣት፣ የሰው ዓይን መፍራት ተደጋግመው ይነሣሉ። ከእነዚህ ጋር አብሮ የማይነሣ አንድ ምክንያት አለ፤ እርሱም ክኒኑ በጉሮሮ አልወርድ ማለቱ ነው። ለአዋቂ ሰው ይህን መናገር ያሳፍራል፤ የሕፃን ነገር ይመስለዋልና። ስለዚህ ዝም ይላል፣ ዝም ብሎም ያቋርጣል።

ጉዳዩ በዚህ ክፍለ ከተማ ላሉ አጥቢያዎች ቅርብ ነው። ዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኘው አለርት ሆስፒታል በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ሲሆን፣ ሕክምና ፍለጋ ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው በዙሪያው የቀሩ ቤተሰቦች ዛሬ የአጥቢያዎቹ ምእመናን ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1974 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ሕሙማን በአንድ መድኃኒት ምትክ በጥምር መድኃኒቶች እንዲታከሙ ከመከረ ወዲህ በሽታው በተወሰነ ጊዜ የሚድን ሆኗል። ሕክምናው የሚሰጠው በ28 ቀን ማሸጊያ ነው። በማሸጊያው የመጀመሪያ ቀን አዋቂው ሕመምተኛ በጤና ባለሙያ ፊት ሁለት የሪፋምፒሲን ካፕሱል፣ ሦስት የክሎፋዚሚን ካፕሱልና አንድ የዳፕሶን ክኒን ይውጣል፤ ስድስት ፍሬ መሆኑ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ታማሚም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት መድኃኒቶችን በአንድ የያዙ ትልልቅ ክኒኖችን እንደ ክብደቱ በየቀኑ ይወስዳል፣ ከዚያም 4 ወር ይቀጥላል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው። ጉሮሮው እሺ ለማይለው ሰው ይህ ሁሉ በየማለዳው የሚጠብቀው ተጋድሎ ነው።

ጉሮሮ እሺ የማይለው በከንቱ አይደለም። የምግብና የአየር መተላለፊያ በማንቁርት ዘንድ ጎን ለጎን ስለሆኑ፣ ሰውነት ያልታኘከ ጠጣር ነገር ወደ ኋላ ሲሄድ እንዲመልሰው ተደርጎ ተፈጥሯል። ዕድሜያችንን ሙሉ «አኝከህ ዋጥ» ተብለን አድገን፣ ክኒን ሲመጣ ብቻ ሳናኝክ እንድንውጥ እንታዘዛለን። አንድ ጊዜ ትን ያለው ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ቀን ክኒኑን ገና ሲያየው ይፈራል፤ ፍርሃት አፍን ያደርቃል፣ የጉሮሮንም ጡንቻ ያጠብቃል። የደረቀ አፍ ላይ ክኒን ይጣበቃል። እንግዲህ ችግሩ የእምነት ማነስም የፈቃድ ማጣትም አይደለም። (እንጥል ረዝሞ ነው ብለው ወደ ቆራጭ የሚወስዱ አሉ፤ ይህ ደም የሚያፈስና የሚያመረቅዝ ጎጂ ልማድ እንጂ መፍትሔ ስላልሆነ ካህናት አጥብቀው ሊከለክሉት ይገባል።)

መፍትሔው ብዙ ጊዜ በአንገት አያያዝ ላይ ነው። አብዛኞቻችን ክኒን አፋችን ውስጥ ስንጨምር ራሳችንን ወደ ኋላ ቀና እናደርጋለን፤ እንደዚያ ሲያደርጉ አይተን የለመድነው ነው። ለካፕሱል ግን ይህ ተቃራኒ ውጤት አለው። ካፕሱል ከውኃ ስለሚቀልል ይንሳፈፋል። ራስ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ውኃው ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፣ ካፕሱሉ ግን ተንሳፍፎ ወደ ጥርስ አቅጣጫ ይቀራል፤ ሰውየው ውኃውን ጨርሶ ካፕሱሉን ላንቃው ላይ ያገኘዋል። ስለዚህ ካፕሱሉን ምላስ ላይ አድርጎ፣ አንድ ጉንጭ ውኃ ይዞ፣ ሳይውጡ አገጭን ወደ ደረት ዝቅ ማድረግ፣ እንደተጎነበሱም መዋጥ ነው። ያን ጊዜ ካፕሱሉ ወደ ጉሮሮ በኩል ተንሳፍፎ ይሄዳልና ከውኃው ጋር አብሮ ይወርዳል። ስግደት የለመደ ምእመን አንገቱን ዝቅ ማድረግ አይከብደውም።

ክኒን ግን ይሰጥማል እንጂ አይንሳፈፍምና ሌላ ዘዴ ይፈልጋል። ለዚህ የሚያገለግለው በየቤቱ የማይጠፋው ለስላሳ የሃይላንድ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ውኃ ይሞላል፤ ክኒኑ ምላስ ላይ ይቀመጣል፤ ከንፈር የፕላስቲኩን አፍ ግጥም አድርጎ ይይዛል። ከዚያ ራስን በመጠኑ ቀና አድርጎ፣ አየር ሳያስገቡ ውኃውን እየመጠጡ ወዲያው መዋጥ ነው። ፕላስቲኩ ወደ ውስጥ ጭምድድ ካለ በትክክል ተሠርቷል ማለት ነው። መምጠጡና መዋጡ አንድ ስለሚሆኑ ጉሮሮ ለመመለስ ጊዜ አያገኝም። በጀርመን የሃይደልበርግ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት መድኃኒት የሌለባቸውን ክኒኖችና ካፕሱሎች ለ151 አዋቂዎች ሰጥተው ሁለቱንም ዘዴዎች ፈትነዋል፤ የፕላስቲኩ ዘዴ ወደ 60 ከመቶ፣ አገጭን ዝቅ የማድረጉ ዘዴ ደግሞ ወደ 89 ከመቶ በሚሆኑት ላይ መዋጥን በግልጽ አቅልሏል። ሁለቱም ዘዴዎች ምንም ወጪ የላቸውም። በስትሮክ ምክንያት ውኃ ራሱ ትን ለሚለው ሰው ግን የፕላስቲኩ ዘዴ አደገኛ ስለሆነ አይሞከር።

ከዘዴው ይልቅ የሚያሳስበን የውኃው ነገር ነው። በጾም ወራት፣ በተለይም በ55ቱ ቀን ዐቢይ ጾም፣ ብዙ ሕሙማን የጠዋት ክኒናቸውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቆዩታል፣ ወይም ጾሙ እንዳይፈርስባቸው ያለ ውኃ በምራቅ ይውጡታል። በምራቅ የተዋጠ ክኒን ሆድ ደርሷል ማለት አይደለም። የምግብ ቧንቧ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ እዚያው ሊሟሟ ይችላል። ዶክሲሳይክሊን፣ የብረት ክኒን፣ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን እንዲህ ሲጣበቁ ቧንቧውን ያቃጥሉታል፣ ያቆስሉታልም፤ ሕመምተኛው ደረቱን ሲወጋውና ምግብ ሲያመው ክኒኑን ይበልጥ ይሸሻል። ስለዚህ ከክኒን በፊት አፍን ለማርጠብ አንድ ጉንጭ፣ ከክኒን ጋርና በኋላ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ያስፈልጋል። ከዋጡም በኋላ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ አለመተኛት ነው። የማታ ክኒን ውጦ ወዲያው ጋደም ማለት በየቤቱ የተለመደ ስሕተት ነው።

እዚህ ላይ የካህኑ ቃል ከሐኪሙ ቃል የበለጠ የሚሰማበት ጊዜ አለ። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ስለ ጾም ሲደነግግ በሥጋ ደዌና ድካም የተያዘውን ከግዴታው ለይቶ አይቶታል። ይህን ካህኑ ያውቀዋል፤ ሕመምተኛው ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም፣ ወይም ቢያውቅም ከራሱ አፍ ሳይሆን ከንስሐ አባቱ አፍ መስማት ይፈልጋል። «ክኒንህን በብርጭቆ ውኃ ዋጥ፣ ፈቅጄልሃለሁ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ጾሙ ከመግባቱ በፊት ብትነገር ብዙ ሰው ታሳርፋለች። ቅዱስ ቁርባን ለሚቀበሉት ደግሞ የ18 ሰዓቱ ጾም አለ። በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድን መድኃኒት ሰዓት ማዛወር ብዙ ጊዜ ስለሚቻል፣ ሕመምተኛው ከሚቆርብበት ቀን ቀደም ብሎ ሐኪሙንና ንስሐ አባቱን ቢያማክር መፍትሔ አይጠፋም። ለራሱ ወስኖ መዝለል ግን በተለይ ለሳንባ ነቀርሳና ለኤች አይ ቪ መድኃኒት ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ጀርሙ መድኃኒቱን ይለምደዋልና።

ስለ ጸበልም እንዲሁ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይቃረኑ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን በይፋ አስታውቀዋል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምንና መድኃኒትን የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። እኛ የታዘብነው ግን ክኒን መዋጥ ያቃተው ሰው «ጸበሌን እጠጣለሁ» በሚል መልስ ችግሩን መሸፈን እንደሚቀናው ነው። መልሱ መንፈሳዊ ስለሚመስል ማንም አይጠይቀውም። ካህኑ ግን «ክኒኑን ተውከው ወይስ አልወርድ ብሎህ ነው?» ብሎ ቢጠይቀው እውነቱ ይወጣል።

አልወርድ ሲል ቤተሰብ የሚያደርገው ነገር ክኒኑን በማንኪያ መፍጨት፣ ካፕሱሉን መክፈት ነው። ለአንዳንዱ መድኃኒት ይህ ምንም አይደለም፤ ለሌላው ግን አደጋ ነው። ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ የደም ግፊት ክኒን ሲፈጭ የቀኑ መጠን በአንድ ጊዜ ወደ ደም ይገባና ግፊቱን በድንገት ያወርደዋል። ለጨጓራ የሚሰጠው ኦሜፕራዞል በካፕሱሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች ከተፈጩ የጨጓራ አሲድ ያበላሻቸዋል። ሎፒናቪርና ሪቶናቪር የተባሉት የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ጥምር ክኒን ተፈጭቶ ለሕፃናት ሲሰጥ ወደ ደም የሚደርሰው መጠን ወደ ግማሽ ገደማ እንደሚወርድ ተረጋግጧል፤ እናት ልጄ ወሰደልኝ ስትል ግማሹን ብቻ ወስዷል ማለት ነው። ስለዚህ ከመፍጨት በፊት ፋርማሲስቱን መጠየቅ ይገባል። ብዙ መድኃኒት በሽሮፕ ወይም በውኃ በሚሟሟ ክኒን መልክም ይገኛል፤ ሕመምተኛው «አልወርድ አለኝ» ካላለ ግን ማንም አይቀይርለትም።

በምን እንዋጥ የሚለውም ሊታሰብበት ይገባል። አንድ ማንኪያ ቀጠን ያለ አጥሚት ወይም የተፈጨ ሙዝ ክኒኑን አለስልሶ ያወርደዋል፤ ሁለቱም ለጾም ይሆናሉ። ይሁንና የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በባዶ ሆድ ሲወሰድ የተሻለ ስለሆነ በእርሱ ላይ ባለሙያ ይጠየቅ፤ ክሎፋዚሚን በአንጻሩ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። ተልባ ያንሸራትታል ብለው የሚጠቀሙበት አሉ፣ እኛ አንመክርም፤ ልጋጉ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ሊያግደው ይችላል። ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን በወተት አይዋጡም። ለነፍሰ ጡር እናቶች የሚሰጠው የብረት ክኒን በቡና ወይም በሻይ ከተዋጠ ጥቅሙ ይቀንሳል። ዶሉቴግራቪር ያለበትን የኤች አይ ቪ ክኒን የምትወስድ ነፍሰ ጡር ደግሞ በባዶ ሆድ ከብረቱ ጋር በአንድ ላይ እንዳትውጠው፣ ሰዓቱን ጤና ጣቢያው ይንገራት።

ሁሉም ግን በዘዴ የሚፈታ አይደለም። ክኒን ብቻ ሳይሆን እንጀራም መጉረስ ካስቸገረ፣ ቀስ በቀስም ወጡና ውኃው ሳይቀር አልወርድ ካለ፣ ሰውየውም እየከሳ ከሄደ፣ ዕለቱን ወደ ሐኪም መላክ ያስፈልጋል፤ የምግብ ቧንቧ ካንሰር እንዲህ ይጀምራልና። በሽታው በአርሲና በባሌ በብዛት ይታያል፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ለሕክምና የሚመጡ ምእመናንን የሚያስተናግዱ አጥቢያዎች ይህን ቢያስቡ መልካም ነው። አፉ ውስጥ ነጭ ሽፋን የታየበትና ሲውጥ የሚያመው ሰው በፈንገስ ተይዞ ሊሆን ይችላል፤ በቀላሉ ይታከማል። የአንገት እንቅርትም ቧንቧውን ሊጫን ይችላል።

ሰበካ ጉባኤያትን አንድ ነገር እንለምናለን። ሕሙማንን የሚጎበኙ አባላት «ትወስዳለህ ወይ?» ከማለት ይልቅ «እንዴት አድርገህ ነው የምትውጠው? እስኪ አሳየኝ» ብለው ይጠይቁ፤ ብርጭቆውን ራሳቸው ቀድተው ይስጡ። በሰንበት ትምህርት ቤት ደግሞ መድኃኒት የጀመሩ ልጆች በአምባሻ ፍርፋሪ መለማመድ ይችላሉ፤ ጤፍ ከምታህል ፍርፋሪ ተጀምሮ በየሳምንቱ እየተለቀ ክኒን እስኪያክል ይደርሳል፣ አዋቂ አጠገባቸው እስካለ ድረስ። ልጆቹ አንዴ ከቻሉበት አያቶቻቸውን ለማስተማር ይሽቀዳደማሉ።