የምንረግጠው ሀብት
ያረጀ የጣውላ ወለል በቤት ውስጥ እንዴት ይታደሳል?

ሰው ወደ አንድ ቤት በገባ ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው በግድግዳው፣ በመጋረጃውና በወንበሩ ላይ ነው። ቀን ከሌት የሚሸከመውን ወለል ግን የሚያስታውሰው ሲያንሸራትተው ወይም ስንጥር ሲወጋው ብቻ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ስለ ጣውላ ወለል እድሳት ጥቂት ለመናገር አስበናል። ተማሪውና በቅርቡ ደመወዝ መቀበል የጀመረው ወጣት ሠራተኛ «ይህ የአናጢ ጉዳይ ነው» ብለው እንዳያልፉት አደራ እንላለን። እኛ ሥራውን ንቀን በመጀመራችን የደረሰብንን ከዚህ በታች ያነቡታልና።

በአዲስ አበባ ከቀድሞ ዘመን ከተረፉት ቤቶች ብዙዎቹ ወለላቸው ጣውላ ነው። በፒያሳ የሚገኘውን የእቴጌ ጣይቱን ሆቴል የጎበኘ ሰው አሮጌ ጣውላ ሲረገጥ የሚሰጠውን ድምፅ ያውቀዋል። ይህ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቶ ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። እንዲህ ያለው ቤት ቁጥሩ እያነሰ በሄደ መጠን የቀረውን በጥንቃቄ መያዝ የባለቤቱ ፋንታ ይሆናል።

ከአባታችን የወረስነው ቤት ሳሎኑ በቀረሮ ጣውላ የተነጠፈ ነው። እናታችን ለብዙ ዓመታት ሰም እየቀቡ በብርድ ልብስ ቁራጭ ያሹት ነበር። ዕድሜያቸው ከገፋ ወዲህ ግን በበሩ አጠገብ ጠቆረ፤ የአባታችን ወንበር ይቆምበት የነበረው የመስኮቱ ሥርም ጎድጎድ አለ። ይህን ባየን ጊዜ «የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው» ብለን የወለል መላጊያ ማሽን ተከራየን። እናታችን «መጀመሪያ የሚያውቅ ሰው ይጠየቅ እንጂ ልጄ» ቢሉን፣ «እማዬ፣ ሁሉንም አንብበን ጨርሰናል» አልናቸው።

ማሽኑን ወለሉ ላይ እንዳረፈ አስነሣነው። የብርጭቆ ወረቀት የተጠቀለለበት ከበሮ ባለበት እየዞረ፣ እኛ እስክናጠፋው ድረስ በሳሎኑ መካከል ቦይ ቆፈረ። ጣውላው ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተልጎ ኖሮ፣ አንዱን ጣውላ ከሌላው የሚያያይዘው ምላስ ከቦዩ ውስጥ ብቅ አለ። እናታችን አንድም ቃል ሳይናገሩ ወደ ጓዳ ገቡ። ከቁጣ ይልቅ ያ ዝምታ ከበደን።

በማግሥቱ በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አናጢ ተለምነው መጡ። ቦዩን ከመመልከታቸው በፊት ተንበርክከው በግድግዳው ሥር ያለውን ዞኮሎ ነቀሉና የጣውላውን ጠርዝ አሳዩን። «ልጄ፣ ጣውላ ጠጉር አይደለም፤ ከተላገ መልሶ አይበቅልም» አሉን። የሥራው ሁሉ መሠረት ይህ ቃል መሆኑን የተረዳነው ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ከእርሳቸው የተማርነው እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «እንዴት እንላገው?» ሳይሆን «መላግ ያስፈልገዋልን?» የሚለው ነው። አዲስ ጣውላ ከምላሱ በላይ ያለው ውፍረት ብዙ ጊዜ ከ6 ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። አንድ ሙሉ ልገታ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ሊወስድበት ይችላል። ከላዩ ብቻ ስስ እንጨት የተለጠፈበት ወለል ከሆነማ ጨርሶ ማሽን አይችልም።

ለመለየትም ጥቂት የውሃ ጠብታ በልዩ ልዩ ስፍራ ማንጠባጠብ ነው። ውሃው ድቡልቡል ብሎ ከቆመ ልባሱ ገና አልሞተም። እንዲህ ያለው ወለል ጸድቶ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በስሱ ታሽቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ቫርኒሽ ቢጨመርለት ይበቃዋል። ውሃው ወዲያው ሰርጎ እንጨቱን ካጠቆረው ግን ልባሱ አልቋል ማለት ነው። ሰም የተቀባ ወለል ግን ውሃ ስለማያስገባ ያታልላል። በጥፍር ሲፋቅ ቅባት የመሰለ ነገር ከወጣ ሰም ነው፤ ሰሙ በአኳራጅ ተጠርጎ ካልወጣ ቫርኒሹ አይዝም። ወለሉ አሮጌ ቀለም የተቀባ ከሆነ ደግሞ እርሳስ ያለበት ሊሆን ስለሚችልና ብናኙ ሕፃናትን ስለሚጎዳ፣ ሳይመረመር በደረቁ መፋቅ አይገባም።

መላግ የግድ ከሆነ የሚስማሩ ራስ ሁሉ በመዶሻና በመምቻ ወደ ውስጥ ይቀበር። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ይደረግ። የማሽኑ ከበሮ ከወለሉ ከፍ እንዳለ ይነሣና ሰውየው መራመድ ከጀመረ በኋላ ቀስ ብሎ ይውረድ፤ ከመቆሙም በፊት ይነሣ። የእኛ ጥፋት ይህችው ነበረች። የብርጭቆ ወረቀት ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሻካራ ነው፤ ስለዚህ ከ40 ተጀምሮ በ60 ወይም በ80 ታልፎ በ100 ወይም በ120 ይጨረሳል። ደረጃውን መዝለል ጊዜ ያተረፈ ይመስላል እንጂ የሻካራው ወረቀት ጭረት በቫርኒሹ ሥር ጎልቶ ይታያል። አካሄዱም የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ነው።

የሚስማር ቀዳዳና ትንንሽ ጉድጓድ በደቃቅ ሰጋቱራና በኮላ ይደፈናል። በጣውላዎች መካከል ያለው ቀጭን ክፍተት ግን ይተው። እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ የተደፈነው ነገር ተሰባብሮ መውጣቱ አይቀርምና።

ሽማግሌው የእኛን ቦይ ያዳኑት እንደዚህ ነው። የተጎዱትን ሦስት ጣውላዎች በመሮ እየፈለፈሉ አወጡ፤ በምትካቸውም ከቁም ሣጥኑ ሥር ማንም ከማያየው ስፍራ ሦስት ጣውላ ነቅለው አስገቡ። በእኩል ዘመን ያረጀ ስለሆነ መልኩ ልዩነት አልነበረውም። የተቦረቦሩት ከቁም ሣጥኑ ሥር ገቡ። በመስኮቱ አጠገብ ያለውን ጎድጓዳ ስፍራ እንዲያስተካክሉልን ብንጠይቃቸው ግን እምቢ አሉ። «ለዚህች ሲባል ወለሉን ሁሉ ዝቅ ላድርገው? ይህ እግር የሠራው ነው፤ ጉዳት አይደለም» አሉን። የቀረውን በማሽን ሳይሆን በእጅ እንድንሠራው አዝዘውን አራት ቀን በጉልበታችን ተንበርክከን ዋልን።

ቫርኒሽ ለመቀባት የሚመቸው ክረምቱ አልፎ አየሩ ሲደርቅ ነው። ብናኙ በደንብ ተጠርጎ በእርጥብ ጨርቅ ከተወለወለና ከደረቀ በኋላ በስሱ ሦስት እጅ ይቀባል። በዘይት የተሠራው ቫርኒሽ በየመካከሉ አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል፤ በውሃ የሚሟሟው ፖሊዩሬቴን በጥቂት ሰዓት ይደርቃል። ደረቀ ማለት ግን ጠነከረ ማለት አይደለምና ምንጣፍ ለማንጠፍ ጥቂት ሳምንት መታገሥ ያሻል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። በአኳራጅና በቫርኒሽ በሚሠራበት ቀን መስኮቱ ይከፈት፤ የቡናው ከሰል፣ ዕጣኑና ሲጋራው ከቤት ይውጡ። የተልባ ዘይት ወይም የዘይት ቫርኒሽ የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ክብሪት ሳይነካው ራሱ ሞቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ውጭ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ወይም ውሃ በሞላበት ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይቀመጥ።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። ዛሬ ባለእጅን በግልጥ የሚሰድብ የተማረ ሰው እምብዛም አይገኝም። ሳይጠይቁት በእርሱ ሥራ መግባት ግን ከዚያው ንቀት የሚቆጠር መሆኑን እኛ በሦስት ጣውላ ከፍለን ተምረነዋል።

ዛሬ እናታችን ቡና የሚያፈሉት በዚያው በመስኮቱ አጠገብ ነው። ወለሉን ያየ እንግዳ ሁሉ ያመሰግናል፤ ከቁም ሣጥኑ ሥር ያለውን ግን የምናውቀው እኛ ነን። አንባቢያችንም ማሽን ከመከራየቱ በፊት አስቀድሞ አንዲት ጠብታ ውሃ ያንጠባጥብ፤ ቀጥሎም በሰፈሩ ያለውን አናጢ ይጠይቅ።