የጐጃሙ ራስ በኤውሮፓ ከተሞች፤ ስለ ማኅበር ጉብኝት ጥቅምና ጉድለት

በማኅበር ሆኖ ታሪካዊ ከተማ መጐብኘት የብዙ ተማሪዎች ምኞት ነው። ጉዳዩ ግን ለአገራችን፣ ይልቁንም ለጐጃም፣ አዲስ አይደለም። ከደብረ ማርቆስ ግቢ ተነሥቶ የኤውሮፓን ታላላቅ ከተሞች ከብዙ ጓደኞች ጋር የጐበኘ ሰው ቢፈለግ፣ የጐጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ይገኛሉ። ይኸውም በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ወደ ኤውሮፓ ባደረጉት ጉዞ ጊዜ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ያንን ጉዞ ምሳሌ አድርገን፣ የማኅበር ጉብኝት እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሸሽግ ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመቶቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ ማኅበሩን ማን ሰበሰበው? ለምንስ ሰበሰበው? የሚለው ጥያቄ ነው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ነበር። አልጋ ወራሹ ከዚህ ቀጥለው መንግሥታቱን በአካል ሊተዋወቁ፣ ከሁሉም በላይ ለአገራቸው የባሕር በር ሊጠይቁ አሰቡ። ከተከታዮቻቸው መካከል የጐጃሙ ራስ ኃይሉ፣ የትግሬው ራስ ሥዩም መንገሻና ራስ ናደው ነበሩበት። ታላላቅ ገዥዎችን ይዞ መሄድ ለጉዞው ክብር ይሰጣል፤ ሆኖም ሌላም ምክንያት ነበረው። ሥልጣነ መንግሥቱ ገና ባልጸናበት ዘመን ብርቱ መኳንንትን ከኋላ ትቶ አገር መልቀቅ የሚያሰጋ ነበር። ስለዚህ ራስ ኃይሉ የኤውሮፓን ከተሞች ያዩት በአንድ በኩል እንደ ክቡር እንግዳ፣ በሌላ በኩል ከዓይን እንዳይርቁ እንደሚጠበቅ ሰው ሆነው ነው ማለት ይቻላል።

መንገደኞቹ በሚያዝያ ወር ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ፤ ከዚያም በመርከብ ተሳፈሩ። በኢየሩሳሌም የትንሣኤን በዓል አከበሩ። ከዚያ ወዲያ ፓሪስን፣ ብሩክሴልን፣ ሉክሰምቡርግን፣ ስቶክሆልምን፣ ሮማን፣ ሎንዶንንና አቴናን የመሳሰሉትን ከተሞች እያዩ፣ ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ወደ አገራቸው ተመለሱ። ይህን ሁሉ ከተማ በጥቂት ወራት መፈጸም የማኅበር ጉብኝት ዋና ጠባይ ነው፤ ብዙ ይታያል፣ ጥቂት ይመረመራል።

ሁለተኛው ጠባይ፣ የሚታየውን የሚመርጠው ባለቤቱ እንጂ እንግዳው አለመሆኑ ነው። በእኛ አገር ለእንግዳ እልፍኙ ይነጠፍለታል እንጂ ጓዳው አይከፈትለትም። ከተሞችም እንዲሁ ናቸው። በፓሪስ የመንግሥት እንግዳ ከሚወሰድባቸው ስፍራዎች አንዱ ያልታወቀው ወታደር መቃብር ነው፤ በዚህ ፈረንሳይ ክብሯንና ሐዘኗን ታሳያለች። በቅኝ ግዛቷ ያለው ሕዝብ እንዴት እንደሚኖር ግን በዚያ አደባባይ ላይ አይነበብም። በሮማም ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤልና ሙሶሊኒ እንግዶቹን በክብር ተቀበሉ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1928፣ የዚያው ከተማ ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። ግብዣውና ሰልፉ ይህን የሚያስጠረጥር አልነበረም።

ሦስተኛው ጠባይ ደግሞ ጐብኚው ራሱ የሚጐበኝ መሆኑ ነው። ካባ የለበሱትን መኳንንት ለማየት የየከተማው ሕዝብ ወደ መንገድ ይወጣ ነበር፤ በስጦታ የተወሰዱት አንበሶችም ብዙ ወሬ አስነሡ። የኤውሮፓ ሰው ስለ ኢትዮጵያ የሚያስበው ከለምዱና ከአንበሳው ሳያልፍ ሲቀር፣ እኛም ስለ ኤውሮፓ የምናስበው ከሕንፃው ከፍታና ከመብራቱ ብዛት ሳያልፍ ሲቀር፣ ጥፋቱ አንድ ዓይነት ነው።

ይህም ሆኖ ጉዞው ፍሬ አልነበረውም ማለት አይደለም። የባሕር በሩ አልተገኘም፤ ያልታሰበ ነገር ግን ተገኘ። በኢየሩሳሌም በአርመን ገዳም የሚያድጉ፣ ከእልቂት የተረፉ አርባ ልጆች የነሐስ ሙዚቃ ሲጫወቱ አልጋ ወራሹ ሰሙና ወደ አዲስ አበባ እንዲመጡ አደረጉ። ከእነርሱ ጋር የመጡት መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ እስከ ንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ፍጻሜ ሲዘመር የኖረውን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። በመርሐ ግብር ያልተጻፈውን ነገር ለማየት ዓይንን ከፍቶ መሄድ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ እንረዳለን።

በሎንዶን ደግሞ ለኢትዮጵያዊ ጐብኚ ልዩ የሆነ ጉዳይ አለ። በሚያዝያ 1860 ከመቅደላ የተወሰዱት ዘውዶች፣ ጽዋዎችና የብራና መጻሕፍት በዚያ ከተማ ቤተ መዘክሮች ይገኛሉ። ከዚህ ጉዞ ጋር በተያያዘ የእንግሊዝ ንጉሥ ጊዮርጊስ 5ኛ ከሁለት ዘውዶች አንዱን፣ በወርቅ የተለበጠውን የብር ዘውድ፣ ለንግሥት ዘውዲቱ መለሱ። የወርቁ ዘውድ ግን እዚያው ቀረ። እንግዲህ የአገሩን ታሪክ ሳያውቅ ሎንዶን የሚደርስ ተማሪ፣ በመስተዋቱ ውስጥ ያለውን የአባቶቹን ዕቃ እንደ ባዕድ ጌጥ እያደነቀ ያልፋል። የሚያውቅ ግን ቆሞ ይጠይቃል። ሮማን በሚመለከትም እንዲሁ ነው። በወረራው ዘመን ከአክሱም የተወሰደው ሐውልት ለብዙ ዓመታት የዚያች ከተማ ጌጥ ሆኖ ቆሞ ነበር፤ በ1997 ተመልሶ በ2000 በአክሱም እንደገና የተተከለው፣ ኢትዮጵያውያን የማን እንደሆነ ሳይረሱ ስለ ጠየቁ ነው።

ከተጓዦቹ መካከል ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ነበሩ። የጉዞውን አኳኋን «ደስታና ክብር» በተባለ መጽሐፍ ጽፈው አሳተሙ። በዚህ ምክንያት ከአገሩ ያልወጣ አንባቢ እንኳ ከጉብኝቱ ድርሻ አገኘ። ራስ ኃይሉ በበኩላቸው ለአዲስ ነገርና ለንግድ ትጋት የነበራቸው ሰው ናቸው። ሆኖም በግዛታቸው የነበረው የግብር ክብደት ከጉዞው በኋላም የጐጃምን ገበሬ አላሳረፈውም። በ1924 ልጅ ኢያሱ ካመለጡበት ጉዳይ ጋር ተያይዞ ተፈርዶባቸው ከሹመታቸው ተነሡ፤ ንብረታቸውም ተወረሰ። ኋላም ለጣልያን አደሩ። በመጋቢት 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ራስ ኃይሉም በዚያው ተገዙላቸው። በአንድ መርከብ ተሳፍረው አንድ ዓይነት ከተማ ያዩ ሁለት ሰዎች ከዐሥራ ሰባት ዓመት በኋላ በዚህ ሁኔታ ተገናኙ። ጉብኝት ብቻውን የሰውን መንገድ እንደማያቀና ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለእኛ ለተማሪዎች የሚሆን ምን እናወጣለን? ታሪካዊ ከተማን መጐብኘት የሚጠቅመው ጥያቄ ይዞ ለሚሄድና መልሱን ለሌሎች ይዞ ለሚመለስ ነው። ይህን ለመለማመድ ደግሞ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ከደብረ ማርቆስ ብዙ ሳይርቅ በእነብሴ የመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ አለ። በዚያ ቦታ ንግሥት ዕሌኒ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር፤ በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ደግሞ ኢየሱሳውያን እንደገና ሠሩት። በተቀረጸው ድንጋይ ላይ የኤውሮፓና የኢትዮጵያ ግንኙነት፣ ከነፍቅሩና ከነጠቡ፣ ተጽፎ ይገኛል። ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስም በዚሁ በጐጃም ናቸው።

ስለዚህ የተማሪ ማኅበር ጉብኝት ሲያዘጋጅ፣ ከመነሣቱ በፊት ስለ ቦታው የተጻፈውን ያንብብ፤ ከአባሎቹ አንዱን ጸሐፊ አድርጎ ይሹም፤ አስጐብኚው ያሳየውን ብቻ ሳይሆን ያለፈውንም ይጠይቅ፤ ከካህናቱና ከባላገሩ የሰማውንም ለየብቻ ይመዝግብ። ሲመለስም የጻፈውን በንባብ ቤት ያኑር። እንዲህ ያለ ማኅበር መርጡለ ማርያምን በሚገባ ካየ በኋላ ሮማና ሎንዶን ቢሄድ፣ እልፍኙን አይቶ ስለ ጓዳው የሚጠይቅ እንግዳ ይሆናል።