ገብረ ክርስቶስና እስክንድር፦ የዘመናዊው ሥዕል ሁለት ጎዳና

የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል የንቅናቄ መልክ የያዘው በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባሕር ማዶ የተማረ ሠዓሊ ከዚያ በፊትም አልጠፋም፤ አገኘሁ እንግዳ ከጣሊያን ወረራ በፊት ፓሪስ ተምሯል፤ አፈወርቅ ተክሌም ለንደን ተምሮ በ1954 አዲስ አበባ ላይ ትርኢት አሳይቷል። የጎደለው ሠዓሊዎች የሚሰባሰቡበትና የሚከራከሩበት ቤት ነበር። ይህን ያሟሉት ቺካጎ የተማሩት አለ ፈለገ ሰላም ናቸው፤ በ1957 የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን መሠረቱ። ትምህርቱ ያዩትን አስመስሎ ከመሣል ይጀምር ነበር፤ ይህን ልማድ የነቀነቁት ግን ከራሱ መምህራን ሁለቱ ናቸው።

ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 ሐረር ተወለደ፤ አባቱ የብራና መጻሕፍት ጸሐፊና ሠዓሊ ነበሩ። የጀመረውን የእርሻ ትምህርት ትቶ ወደ ጀርመን ኮሎኝ ሄደ፤ በ1962 ተመልሶ ማስተማር ያዘ። በተከታዩ ዓመት ያሳየው ትርኢት ከተማውን አነጋገረ። ቅዱሳንን፣ ነገሥታትንና የዓድዋን ጦርነት ማየት የለመደ ተመልካች ከቀለምና ከቅርጽ በቀር የሚይዘው አጣ፤ «የፈረንጅ ግልባጭ ነው» የሚል ነቀፌታም ተሰማ። ገብረ ክርስቶስ በበኩሉ ሥዕል የዓለም ሁሉ ቋንቋ ነው፣ ድንበር አያውቅም ባይ ነበር። ነቃፊዎቹ አንድ ነገር የሳቱ ይመስላል፦ «ጎልጎታ» የተባለው የ1963 ሥራው አሣሣሉ አዲስ ይሁን እንጂ በቀይ ቀለም የተጥለቀለቀው ስቅለት ነው። ከዚህ በላይ የአባት ቤት ርእስ የለም።

እስክንድር ቦጎሲያን የመጣው በሌላ በር ነው። በ1955 በመንግሥት ወጪ ለንደን ተላከ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ፓሪስ ገብቶ የጥቁር ሕዝቦችን ባህል ከሚያነሡ ጸሐፊያንና ሠዓሊዎች ጋር ዋለ። የኩባው ዊፍሬዶ ላምና የስዊዘርላንዱ ፖል ክሌ ሥራዎች ዓይኑን ከፈቱለት፤ የከፈቱት ግን ወደ ኋላ፣ ወደ ብራናውና ወደ ደብተራው ክታብ ነበር። ከ1966 እስከ 1969 አዲስ አበባ ሲያስተምር ለተማሪዎቹ ያወረሰው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ክፍፍሉ በአሮጌና በአዲስ መካከል ብቻ አልነበረም፤ በአዲሶቹም መካከል ነበር። አንደኛው ወገን ዓለም አቀፉን ቋንቋ መረጠ፤ ሌላው አዲሱን ከአፍሪካ ጥንት ቀዳ።

ተማሪዎቹ ግን ከሁለቱም ወሰዱ፤ ንቅናቄው የበሰለውም በዚህ ይመስላል። ዘሪሁን የትምጌታ ቀርከሃ እየሰነጠቀና እየደረደረ ሣለበት። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ በአዲስ አበባ የገብረ ክርስቶስ፣ በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የእስክንድር ተማሪ ነበር፤ ፊደልን ከትርጉሙ ነጥሎ የሥዕል አካል አደረገው።

የ1974ቱ አብዮት ሌላ ክፍፍል አመጣ። ደርግ የፈለገው ሠራተኛው፣ ገበሬውና ወታደሩ በግልጽ የሚታዩበትን ሥዕል ነበር፤ ወጣቶችም ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ተላኩ። አስመስሎ መሣል እንደገና ነገሠ፤ ረቂቁ ሥዕል ወደ ጎን ተገፋ። ገብረ ክርስቶስ አገሩን ለቅቆ በ1981 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ አረፈ። እስክንድርም ወደ አሜሪካ ከሄደ በኋላ በሃዋርድ ለዓመታት አስተምሮ በ2003 እዚያው አሜሪካ ሞተ።

በስሙ የተቋቋመው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ጀርመን የቆዩ ሥራዎቹን ይዟል። ከፒያሳ የሚነሣ አንባቢ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሮ፣ አራት ኪሎን አልፎ ስድስት ኪሎ ሲደርስ ያገኘዋል።