ክዳኑ ሲነሳ የተገኘው ቦርድ

ሁለት ባለ ስምንት ቻናል አምፕሊፋየሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። አንደኛው ፊቱ ወፍራም አሉሚኒየም ነው፤ ለማንሳት ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ዋጋውም የሌላውን እጥፍ ነው። ሌላው ቀጠን ያለ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። የሁለቱም ብሎን ተፈትቶ ክዳኑ ሲነሳ ግን ውስጥ የተደረደሩት አራት አራት ቦርዶች አንድ ዓይነት ሆነው ይገኛሉ። የታተመባቸውም ስም የሁለቱም ሻጮች ስም አይደለም። ሃይፔክስ ይላል፤ ኤን ሲ 252 ኤም ፒ። መቀመጫውን በኔዘርላንድስ፣ ግሮኒንገን ከተማ ያደረገ ኩባንያ ሥራ ሲሆን፣ ሁለት ቻናልና የራሱን ፓወር ሰፕላይ በአንድ ላይ የያዘ ሞጁል ነው።

ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ ተታለልኩ ማለቱ አይቀርም። ቁጣው ሲበርድ ግን የተሻለ ጥያቄ ይመጣል፤ ልባቸው አንድ የሆኑ መሣሪያዎች በምን ይለያያሉ? መልሱን ለማግኘት ቦርዱ በእነዚያ ሳጥኖች ውስጥ እንዴት እንደገባ ማወቅ ያስፈልጋል። ታሪኩ ደግሞ ከስልሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይወስደናል።

የቆየው ዓይነት አምፕሊፋየር ትራንዚስተሩን በከፊል ከፍቶ ነው የሚሠራው። ወደ ስፒከሩ ያላለፈው ኃይል እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሙቀቱን የሚያስወጣው ባለ ክንፍ ብረትም ከባዱ ትራንስፎርመርም የሚመጡት ከዚህ ነው። ቻናሉ ሁለት ሲሆን ይህ ይቻላል። ዶልቢ አትሞስ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ሲኒማ ቤት፣ በ2014 ደግሞ ወደ መኖሪያ ቤት ሲገባ ግን ጣሪያው ሳይቀር ስፒከር መፈለግ ጀመረ። 7.1.4 የሚባለው አደራደር ሰብውፈሩን ሳይጨምር አሥራ አንድ ቻናል ይጠይቃል። ሰባት ቻናል እያንዳንዳቸው 200 ዋት ቢሰጡ እንኳ 1400 ዋት ነው። ከገባበት ኃይል 60 በመቶውን ብቻ ወደ ድምፅ የሚለውጥ አምፕሊፋየር ለዚህ ከ2300 ዋት በላይ ይስባል። የተለመደው የአሜሪካ ሶኬት ደግሞ፣ 120 ቮልት በ15 አምፔር፣ ከ1800 ዋት አያልፍም።

ሌላ መንገድ እንዳለ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ትራንዚስተሩ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ ወይም ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ የሚያባክነው ኃይል በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ በሴኮንድ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ማብራትና ማጥፋት፣ የድምፁን ቅርጽ በርቶ በሚቆይበት የጊዜ ርዝመት መጻፍ፣ በመጨረሻም በጥቅል ሽቦና በካፓሲተር በተሠራ ማጣሪያ ፈጣኑን ምት አስቀርቶ ሙዚቃውን ብቻ ማሳለፍ ይቻላል። ክላስ ዲ የሚባለው ይህ ነው። እንግሊዛዊው ክላይቭ ሲንክሌር እ.ኤ.አ. በ1964 ኤክስ-10 ብሎ በመገጣጠሚያ መልክ ሸጠው። አሥር ዋት ይሰጣል ተባለ፤ የሰጠው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበር፤ የአካባቢውንም ራዲዮ ይረብሽ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ የዘመኑ ትራንዚስተሮች ግን ለዚያ ፍጥነት ዘገምተኛ ነበሩ።

ፈጣኖቹ ሞስፌት ትራንዚስተሮች ሲመጡ ሐሳቡ ነፍስ ዘራ። ዴንማርካዊው ካርስተን ኒልሰን በአገሩ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጥናቱን በዚሁ ላይ ከሠራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1999 ከባንግ ኤንድ ኦሉፍሰን ጋር አይስፓወር ተመሠረተ። አሜሪካ ውስጥ ትራይፓዝ የተባለው ኩባንያ በርካሽ ቺፖቹ ብዙ ሰው አስደነቀ፤ በ2007 ግን ከሰረ። ያኔ አንድ ግትር ችግር ነበር። የአምፕሊፋየርን ስህተት ለማረም ከመውጫው ጥቂት ወስዶ ከመግቢያው ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል፤ ይህን ግብረ መልስ እንለዋለን። በክላስ ዲ ግን መውጫው ላይ ያ ማጣሪያ አለ፤ እሱም ምልክቱን ያዘገየዋል። የዘገየ እርማት ደግሞ ስህተቱን ያባብሰዋል፤ አምፕሊፋየሩ ራሱን በራሱ እያናወጠ ይጮኻል። ስለዚህ ብዙዎቹ ንድፍ አውጪዎች ግብረ መልሱን ከማጣሪያው በፊት ይወስዱ ነበር። ማጣሪያው ከእርማት ውጭ ቀረ ማለት ነው። ውጤቱም የሚሰማ ነበር፤ ስፒከሩ ሲቀየር ከፍተኛው የድምፅ ክልል አብሮ ይቀየራል፤ በአንዱ ይፈዛል፣ በሌላው ይሰላል።

በዚህ መሐል ነው ቤልጂየማዊው ብሩኖ ፑትዘይስ የሚገባው። ሉቨን በሚገኘው የፊሊፕስ ቤተ ሙከራ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ያገኘው መፍትሔ እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። ሁሉም የሚሸሸውን መናወጥ እሱ ፈለገው። ግብረ መልሱን ከማጣሪያው በኋላ ወሰደና፣ የማጣሪያውን መዘግየት በትክክል አስልቶ፣ ሰርኪዩቱ በ400 ሺህ ሄርዝ ገደማ ራሱን እንዲያርገበግብ ለቀቀው። ያ ርግብግብታ ለማብራትና ለማጥፋት የሚያስፈልገው ምት ራሱ ሆነ። ለብቻው የሚሠራ ምት አመንጪ አላስፈለገም፤ ማጣሪያውም በእርማቱ ውስጥ ገባ፤ የስፒከሩ ጠባይ መውጫውን ማዛባቱ ቀረ። ዩ ሲ ዲ ተባለ። ጥቂት ክፍሎች፣ ትንሽ ቦርድ፣ በየትኛውም ስፒከር ላይ አንድ ዓይነት ውጤት። ሃይፔክስ ይህን ንድፍ በፈቃድ ወስዶ ሞጁል አድርጎ መሸጥ ጀመረ፤ ፑትዘይስም በኋላ ወደዚያው ሄደ።

ለአምፕሊፋየር ኢንዱስትሪ ይህ ትልቅ መናጋት ነበር። ድሮ የአንድ ኩባንያ ክብር የመውጫ ሰርኪዩቱ ነበር፤ አንጋፋ መሐንዲስ አሥር ዓመት የደከመበት። አሁን ያ ክፍል በካርቶን ታሽጎ የሚመጣ ዕቃ ሆነ፤ ያውም አብዛኛው ኩባንያ ራሱ ሊሠራው ከሚችለው የተሻለ።

እ.ኤ.አ. በ2011 ኤንኮር የተባለው ተከታይ ንድፍ ወጣ። በዚያው ዓመት ፑትዘይስ ሊኒየር ኦዲዮ በተባለው መጽሔት ላይ ግብረ መልስ ድምፅን ይገድላል የሚለውን የቆየ እምነት የሚሞግት ጽሑፍ አሳተመ። ክርክሩ እንዲህ ነው፤ ጥቂት ግብረ መልስ ቀላሉን መዛባት ቀንሶ ውስብስቡን ሊያበዛ ይችላል፤ ሰዎች የሰሙትና የጠሉት ይህን ነው። መፍትሔው ታዲያ እጅግ አብዝቶ መጨመር ነው፤ ያኔ ቀላሉም ውስብስቡም አብረው ይጠፋሉ። እኔ በዚህ ክርክር አምናለሁ፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ልኬቶችም ደግፈውታል።

ቀጥሎ የመጣው ግኝት ማንም ካልጠበቀው ቦታ ነው። ፑትዘይስ ከዴንማርካውያኑ ላርስ ሪስቦና ፒተር ሊንግዶርፍ ጋር ፑሪፋይ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ሪስቦ ለዚህ ሥራ አዲስ አልነበረም፤ የቀድሞ ኩባንያውን ቶካታን ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ እ.ኤ.አ. በ2000 ገዝቶታል። ትራንዚስተሩም እርማቱም በተሻሻሉ ጊዜ የቀረው መዛባት ከየት እንደሚመጣ ሲፈልጉ ጥቅል ሽቦው የተጠመጠመበት አካል ላይ ደረሱ። ያ አካል ያለፈውን መግነጢስ ቶሎ አይረሳም፤ በቀደመው ቅጽበት የተጫነበት ሁሉ በሚቀጥለው ላይ ጥቂት አሻራ ይተዋል። ሁሉም እንደ ተራ ዕቃ የሚያየው ጥቅል ሽቦ የመጨረሻው እንቅፋት ሆኖ ተገኘ። በ2019 የወጣው አይገንታክት ሞጁላቸው ይህን ለመፍታት በጥንቃቄ የተመረጠ ጥቅልና 75 ዴሲቤል የሚደርስ የእርማት ጉልበት ይዞ መጣ። የካናዳው ናድ ኤም 27 በተባለው ባለ ሰባት ቻናል አምፕሊፋየሩ ኤንኮርን ተጠቅሞ ለእያንዳንዱ ቻናል 180 ዋት ይሰጥ ነበር፤ ተከታዩ ኤም 28 በአይገንታክት 200 ዋት ይሰጣል። በጆሮ የ180 እና የ200 ልዩነት ግማሽ ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። ሁለቱን በዋት ማወዳደር ከንቱ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ሳጥኖች እንመለስ። የመጀመሪያው ግኝት መለያ ወረቀታቸው ላይ ነው። አንዱ 250 ዋት ይላል፤ ሌላው ከዚያ በጣም ያነሰ ቁጥር ጽፏል። ሞጁሉ ግን አንድ ነው። 250 የሚለው በ4 ኦም ስፒከር ላይ ነው፤ ዝቅ ያለው በ8 ኦም። ሊሰጥ የሚችለው የቮልቴጅ ጣሪያ አንድ በመሆኑ የስፒከሩ ኦም ሲጨምር ዋቱ ይወርዳል። ሐቀኛው ሻጭ ደካማ መስሎ ይታያል፤ ይህ ያሳዝናል።

ሁለተኛው ግኝት ረቂቅ ነው። ለ8 ኦም ስፒከር 200 ዋት ለመስጠት 40 ቮልት ያስፈልጋል። የአምፕሊፋየሩ የማጉላት መጠን 26 ዴሲቤል ከሆነ፣ ማለትም ሃያ እጥፍ፣ ምልክቱን ከሚልክለት ሪሲቨር 2 ቮልት ይበቃዋል። የድምፅ ጥራት ደረጃ አውጪው ቲ ኤች ኤክስ የሚጠይቀው 29 ዴሲቤል ከሆነ 1.4 ቮልት ገደማ። በሌሎች ሳጥኖች የሚገኘው የፑሪፋይ 1 ኢ ቲ 400 ኤ ሞጁል ግን ብቻውን የሚያጎላው 12.8 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለዚያው 200 ዋት ከ9 ቮልት በላይ ይፈልጋል። አብዛኛው የቤት ሪሲቨር ይህን አይሰጥም። ስለዚህ የሳጥኑ ሠሪ ከፊት አንድ ማጠናከሪያ ሰርኪዩት መጨመር አለበት፤ ባፈር ይሉታል። የሠሪው እጅ በእርግጥ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሞጁሉ እጅግ ጸጥ ያለ ስለሆነ መጥፎ ባፈር ወዲያው ይጋለጣል፤ ስፒከሩ አጠገብ ጆሮ ሲጠጋ የሚሰማው ሽ የሚል ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ ነው። ከአሥራ አንድ ስፒከር የሚመጣ እንዲህ ያለ ድምፅ ደግሞ ጸጥ ባለ የፊልም ትዕይንት ውስጥ ጉዳይ ነው።

ከዚያ ፓወር ሰፕላዩ ይመጣል። አራት ባለ ሁለት ቻናል ሞጁል ያለው ሳጥን አራት ትናንሽ ሰፕላይ አለው፤ አንዱ ቢበላሽ ስድስት ቻናል መሥራቱን ይቀጥላል። ሌሎች ሠሪዎች ሁሉንም ቻናል ከአንድ ትልቅ ሰፕላይ ያጠጣሉ፤ ግቢው ሁሉ ከአንድ ትልቅ ሮቶ እንደሚቀዳ ነው፤ ሌሎቹ ቧንቧዎች በተዘጉ ጊዜ አንዱ ያለ ስስት ይወርዳል። ፊልም ውስጥ ንግግሩን የሚሸከመው የመሐል ስፒከር ነው፤ የኋላዎቹና የጣሪያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ያርፋሉ። ለዚህ ዓይነት አጠቃቀም የጋራው ሰፕላይ ብልህ ነው። ሁሉም ቻናል ባንዴ ሲጫን ግን ጣሪያው የጋራ ይሆናል፤ ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ቁጥር ሁሉም ቻናል አብሮ ሲሠራ የሚገኘው ዋት ነው።

ሞጁሎችን በብዛት አንድ ሳጥን ውስጥ ማስገባት የራሱ ችግር አለው። እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ነው የሚርገበገበው። የሁለት ጎረቤት ቻናሎች ፍጥነት በአንድ ሺህ ሄርዝ ቢለያይና አንዱ ወደ ሌላው ሽቦ ቢያፈስ፣ ልዩነቱ ራሱ ጆሮ የሚሰማው ቀጭን ፉጨት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሽቦው በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ የመሬት ሽቦው የት እንደሚታሰር፣ ቦርዶቹ ምን ያህል እንደሚራራቁ የሚወስን ጥሩ ሠሪ ገንዘቡ ይገባዋል። ይህ በማስታወቂያ ላይ አይጻፍም፤ በልኬት ግን ይታያል።

ስለ ጆሮ ደግሞ አንድ የቆየ ፈተና አለ። ስቴሪዮ ሪቪው የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በጥር 1987 እትሙ ከርካሽ ሪሲቨር እስከ እጅግ ውድ የቫልቭ አምፕሊፋየር ድረስ ለአድማጮች በስውር አቅርቦ ነበር። የድምፅ መጠናቸው እኩል ሲደረግ አድማጮቹ በአስተማማኝ ሁኔታ መለየት አልቻሉም። እኩል ሲደረግ የሚለው ነው ቁልፉ። ከላይ ያሉት ሁለት ሳጥኖች አንዱ በጠቅላላ 26 ሌላው 29 ዴሲቤል ቢያጎሉ፣ መቆጣጠሪያው ሳይነካ ሁለተኛው በ3 ዴሲቤል ይጎላል። ሰው ጎላ ያለውን ይበልጥ ሕያው፣ ይበልጥ ጥልቅ አድርጎ ይሰማዋል። ስለ ተመሳሳይ ሞጁሎች የድምፅ ልዩነት የሚነገረው ብዙ ነገር በቮልቲሜትር ተለክቶ ቢስተካከል ይከስማል ብዬ አስባለሁ።

ከአሜሪካ ወይም ከገልፍ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ዘመድ ያለው ሰው የሚመለከተው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው የኋላ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቮልት ነው፤ ለ120 ብቻ የተሠራ ሰፕላይ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል፤ አንዳንዱ መቀየሪያ አለው፣ አንዳንዱ ራሱ ያስተካክላል፣ አንዳንዱ ምንም የለውም። ሁለተኛው ጥገና ነው። የድሮውን አምፕሊፋየር የመውጫ ትራንዚስተር ነቅሎ የሚተካ ባለሙያ በከተማችን አለ፤ በጥቃቅን ክፍሎች የታጨቀን ሞጁል ግን በእጅ ብየዳ ማዳን ከባድ ነው። ለውጡ ሙሉ ቦርድ ነው፤ ጥቂት ብሎንና ጥቂት ሶኬት። ስለዚህ እኔ ከሁለቱ ሳጥኖች አንዱን ብመርጥ፣ የሞጁሉን ስም በግልጽ የሚጽፈውንና አንድ ቦርድ ለብቻው የሚሸጥልኝን እወስዳለሁ፤ የአሉሚኒየሙን ውፍረት አላይም።