የነሐሴ ፈቃድ

[ድምፅ፦ ዝናብ፤ ከሩቅ የሰዓታት ዜማ]

ተራኪ፦ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። በእንጦጦ ማርያም ግቢ ጋቢ የደረበው ከዛፍ ሥር ተጠግቷል፤ ነጠላዋ ላይ የዝናብ ልብስ የጣለችው በደጀ ሰላሙ በኩል ቆማለች። ሰዓታቱ ሲያልቅ ኪዳን ይደርሳል። ከኪዳን በኋላ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም በአማርኛ ይተረጎማል። ቅዳሴው በሥራ ቀን እኩለ ቀን ላይ ይገባል፤ ሕዝቡም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ወዲያ ጠበል ጠጥቶ፣ እፍኝ ቆሎ ቆርጥሞ ያድራል።

ፍልሰታ ነው፤ ነሐሴ 1 ገብቶ በ16 የሚፈታ ጾም። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ሐዋርያት የእመቤታችን ነገር ይገለጥላቸው ዘንድ በዚሁ ወር ሁለት ሱባኤ ጾመው ጸልየዋል። ዛሬም ምእመኑ ያንኑ ቁጥር ይዞ ወደ ደብሩ፣ አቅም ያለው ደግሞ ወደ ደብረ ሊባኖስ ወይም ወደ ዝቋላ ይሄዳል።

ከሚሄዱት ብዙዎቹ መነኮሳት አይደሉም። የባንክ ገንዘብ ከፋዮች፣ ነርሶች፣ የመርካቶ ነጋዴዎች፣ መምህራን ናቸው። ተቀጣሪዎቹ ዓመቱን ሙሉ ታመው እንኳ ያልነኩትን የዓመት ፈቃድ ለነሐሴ ያቆዩታል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። አርቃቂዎቹ ፍልሰታን አስበው ባይሆንም፣ ለሱባኤው በቅቶ ይተርፋል።

[ድምፅ፦ ደወል]

ከሩቅ ለሚያየው ይህ ዕረፍት አይመስልም። ሱባኤ የያዘ ሰው ይቆማል፣ ይሰግዳል፣ ይራባል፣ እንቅልፉን ይሰብራል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት በተለይ ይከብዳሉ፤ እግር ግቢው ውስጥ ነው፣ ልብ ግን ያልተዘጋ ሒሳብ፣ ያልተመለሰ ስልክ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የሚለወጠው። መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚበላ የሚወስንለት ደወሉ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቀኑን በራሱ ትከሻ ሲጎትት የኖረ ሰው ቀኑን ለባለቤቱ መልሶ ያስረክባል። እኔ መንፈሳዊ ዕረፍት የምለው ይህን ነው።

ይህች አገር ለዕረፍት ብላ ብዙ ተከራክራለች። በ14ኛው መቶ ዘመን አባ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እንደ እሑድ ይከበር ብለው ስላስተማሩ አገራቸውን ለቀው በአርመን አርፈዋል። ደቀ መዛሙርታቸው ክህነት ተከልክለው፣ ወደ ሰሜኑ ዳርቻ ተገፍተው እንኳ ቀኗን አልለቀቁም። በመጨረሻ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1450፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በተጉለት በደብረ ምጥማቅ የተሰበሰበው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት ይከበሩ ብሎ ወሰነ። አጥባቂው ገበሬ እስከ ዛሬ በእነዚያ ቀናት በሬ አይጠምድም።

በሬው ያርፋል። ገበሬውም ያርፋል። ምድጃው ግን አይጠፋም፤ ምድጃው ዘንድ ያለችው ሴትም እንዲሁ።

የዚህ ፕሮግራም ጥያቄ እዚህ ላይ ነው። ቀኑን ለደወል ያስረከበ ሰው የተወውን ሥራ የተሸከመለት ሌላ ሰው አለ። እናት ሱባኤ ስትገባ ልጆቹን አክስት ትይዛለች፤ ነርሷ ፈቃድ ስትወጣ የሌሊት ተረኝነቷን ባልደረባዋ ትደርባለች። በብዙ የከተማ ቤት ደግሞ ሁሉም ሲወጣ ቤቱ የሚቀረው በቤት ሠራተኛዋ እጅ ነው። እሷም ክርስቲያን ናት፤ እሷም ትጾማለች። ደወሉን የምትሰማው ግን ሽንኩርት እየከተፈች ነው። ያ 16 ቀን የሚሰጠው አዋጅ እሷን አይጨምርም፤ የቤት ውስጥ አገልግሎት ሌላ ደንብ ይወጣለታል ተብሎ ከአዋጁ ውጭ ቀርቷል። ቤተ ክርስቲያን በሌለባቸው በሪያድና በጅዳ ፍልሰታን በሰው ማድ ቤት የሚጾሙት እህቶቿማ ፈቃዱንም ደጁንም አላገኙም።

[ድምፅ፦ የዕቃ እጥበት፤ ከሩቅ ቅዳሴ]

ኦሪት ዘዳግም የሰንበትን ትእዛዝ ሲሰጥ ባለቤቱን ብቻ አያሳርፍም። አገልጋዩን፣ አገልጋይቱን፣ መጻተኛውን፣ በሬና አህያውን ሳይቀር ይቆጥራል፤ ምክንያቱንም ይናገራል፦ እስራኤል ራሱ በግብፅ ባሪያ ነበረና። ሌላውን አስቀርቶ ለብቻ የሚታረፍ ሰንበት በዚያ መጽሐፍ የለም።

መፍትሔውን አንዳንድ ቤተሰቦች ያለ ማንም ትእዛዝ አግኝተውታል። ሁለቱን ሳምንት ይካፈላሉ፤ የመጀመሪያውን እናትና ታላቋ ልጅ፣ ሁለተኛውን አባትና ሠራተኛዋ። አንዱ ሲሄድ አንዱ ያበስላል። ግማሽ ሱባኤ ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን ሁለቱም ሳምንት ለሁሉም የተቆጠረላቸው ይመስለኛል፤ ለቤቱ ሰው ብሎ ሽሮ የሚያማስል እጅም እዚያው ጸሎት ውስጥ አለ።

በነሐሴ ይህ ላልተመቸው ቤት ጳጉሜን ቅርብ ናት፤ አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት፣ ብዙ ምእመናንም በፈቃዳቸው የሚጾሟት። ባለቤቶቹ በፍልሰታ ሱባኤ የገቡበት ቤት እነዚያን ቀናት ከሙሉ ደመወዟ ጋር ለሠራተኛዋ ቢለቅላት፣ የሚጎድልበት የጥቂት ቀን ወጥና እንጀራ ነው። ያን ደግሞ ከደብሩ የተመለሱት ራሳቸው ይሠሩታል።