የኮሌጅ ኳስ ኮከቦች የት ይደርሳሉ?

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 2025 ምሽት በዙሪክ ሌትዚግሩንድ ስታዲየም እንግሊዝ ከሴቶች አውሮፓ ዋንጫ ለመሰናበት ጥቂት ደቂቃዎች ቀርተዋት ነበር። ስዊድን 2 ለ 0 ትመራለች። በ79ኛው ደቂቃ ላይ የተሻገረውን ኳስ ሉሲ ብሮንዝ በግንባሯ ገጭታ አስቆጠረች፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ የ19 ዓመቷ ሚሼል አጄማንግ አቻ አደረገች። በፍጹም ቅጣት ምት ሲለይ ከ14 ምቶች 9ኙ ሳይቆጠሩ ቀሩ። የእንግሊዝን የመጨረሻ ምት ከመረብ ያሳረፈችው ያቺው ብሮንዝ ናት። የ33 ዓመቷ ተከላካይ ውድድሩን በሙሉ በተሰነጠቀ የቅልጥም አጥንት መጫወቷን የተናገረችው ዋንጫው ከተነሳ በኋላ ነው።

ልክ ሳምንት ቀደም ብሎ በጄኔቫ ስታዲየም አዘጋጇ ስዊዘርላንድ ከፊንላንድ ጋር ተገናኝታ ነበር። እዚያም በ79ኛው ደቂቃ ናታሊያ ኩይካ በፍጹም ቅጣት ምት ፊንላንድን አስቀደመች፤ ስዊዘርላንድን ያዳነችው በባከነ ሰዓት ያስቆጠረችው ሪዮላ ጀማይሊ ናት። እንግሊዝ ደግሞ በዚያው በጄኔቫ ጣሊያንን በግማሽ ፍጻሜ አሸንፋ ባዝል ላይ ለፍጻሜ ስትደርስ የአቻነቷን ጎል በስፔን ላይ ያገባችው አሌሲያ ሩሶ ነበረች።

ብሮንዝ፣ ኩይካና ሩሶ ሦስቱም የአንድ አገር ወይም የአንድ ቦታ ተጫዋቾች አይደሉም። የሚያገናኛቸው ሦስቱም በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ማሊያ የተጫወቱ መሆናቸው ነው። ብሮንዝና ሩሶ በኖርዝ ካሮላይና፣ ኩይካ በፍሎሪዳ ስቴት። ብሮንዝ በ2009፣ ኩይካ በ2014 እና በ2018 የአሜሪካ የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ሆነዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ በኮሌጅ ሜዳ ያበራ ተጫዋች በፕሮፌሽናል ኳስም ያበራል ማለት ነው? መልሱ ለሴቶችና ለወንዶች አንድ አይደለም። ልዩነቱን መረዳት በተለይ በውጭ አገር ልጅ ለሚያሳድግ የእኛ ሰው ይጠቅማል፤ ጥያቄው ብዙ ቤት ውስጥ የሚነሳው ልጁ ወይም ልጅቷ 15 እና 16 ዓመት ሲሞላቸው ነውና።

በእኛ አገር የዩኒቨርሲቲ ኳስ የተማሪ መዝናኛ ነው። ኢትዮጵያዊቷን አጥቂ ሎዛ አበራን ያወጣት ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ ክለቦቹ ደደቢት፣ አዳማ ከተማና ንግድ ባንክ ናቸው፤ ከእነሱ ተነስታ ነው ማልታና አሜሪካ የደረሰችው። አሜሪካ ውስጥ ግን ዩኒቨርሲቲው ራሱ እንደ ክለብ ነው። አሰልጣኝ ይቀጥራል፣ ሐኪም ይመድባል፣ ስታዲየም ይሠራል፣ ተጫዋቾቹንም ከዓለም ዙሪያ በነጻ የትምህርት ዕድል ይመለምላል። ለሴቶች ይህን ያፋጠነው የ1972ቱ ሕግ ነው። የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል የትምህርት ተቋም በጾታ ልዩነት እንዳያደርግ ስለከለከለ ዩኒቨርሲቲዎች ለወንዶች የሰጡትን የስፖርት ዕድል ለሴቶችም መክፈት ነበረባቸው። ኖርዝ ካሮላይና በአሰልጣኝ አንሰን ዶራንስ ዘመን ከ20 በላይ ሻምፒዮናዎችን የሰበሰበው በዚያ በር ገብቶ ነው።

በዚያው ዘመን የአውሮፓ ክለቦች ለሴት ልጅ ምን ነበራቸው? አብዛኞቹ ምንም። ብሮንዝ ከአሜሪካ ወደ እንግሊዝ ስትመለስ ከኳሱ ጎን ፒዛ ቤት እየሠራች ነው የተማረችው። ያቺ ልጅ ኋላ ከሊዮንና ከባርሴሎና ጋር አምስት የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫዎችን አነሳች። በእሷ ዕድሜ ላለች ጎበዝ ተጫዋች ከዩኒቨርሲቲው የተሻለ ማሰልጠኛ በዓለም ላይ አልነበረም፤ ስለዚህ ጎበዞቹ ወደዚያ ሄዱ፣ ከዚያም ወጡ። የሴቶቹ የስኬት ታሪክ ግማሹ ምክንያት ይኸው ነው።

ሌላውን ግማሽ በደንብ የምታሳየን ናኦሚ ግርማ ናት። በ2000 በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ተወለደች። ኳስ የጀመረችው የአካባቢው ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ቅዳሜና እሑድ ልጆቻቸውን ሰብስበው በሚያጫውቱበት «ማለዳ» በተባለ ማኅበር ነው። ውድ ከሆኑት የአሜሪካ ታዳጊ ክለቦች በፊት የነበረው ይህ ሜዳ ነው፤ እናቶችና አባቶች ዳር ቆመው እያወሩ፣ ልጆች መሐል እየሮጡ። ከዚያ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባች።

በ2019 የዩኒቨርሲቲዎች ፍጻሜ የተካሄደው በተወለደችበት ከተማ በሳን ሆዜ ነበር። ስታንፎርድ ሩሶ ከምትጫወትበት ከኖርዝ ካሮላይና ጋር ያለ ጎል ተለያይቶ በፍጹም ቅጣት ምት 5 ለ 4 አሸነፈ። በዓመቱ ግን ግርማ የጉልበት ጅማቷ ተበጠሰ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። በአንድ ትንሽ ክለብ የአንድ ዓመት ውል ያላት የ20 ዓመት ልጅ ጉልበቷ ሲጎዳ ውሏ ሊያልቅባት፣ ቦታዋም በሌላ ሊያዝባት ይችላል። ግርማ ግን በዚያ ዓመት ተማሪ ነበረች። ሕክምናዋ፣ ማሰልጠኛዋና ክፍሏ በአንድ ግቢ ናቸው። ኮምፒውተርን፣ ሥነ ልቦናን፣ ቋንቋንና ፍልስፍናን አጣምሮ በሚያስተምረው የስታንፎርድ የትምህርት ክፍል ዲግሪዋን ይዛ ወጣች።

በ2022 በአሜሪካ የሴቶች ሊግ ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች ተራ በተራ ከኮሌጅ ተጫዋች በሚመርጡበት ሥርዓት፣ የመጀመሪያዋ ተመራጭ ሆና ሳን ዲየጎ ዌቭ ወሰዳት። በዚያው ዓመት የሊጉ ምርጥ ጀማሪም ምርጥ ተከላካይም ተባለች። በ2024 በፓሪስ የኦሎምፒክ ወርቅ አገኘች። በጥር 2025 ቼልሲ ሲያስፈርማት የዝውውሩ ዋጋ 1.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ተዘገበ፤ በሴቶች ኳስ ታሪክ ከሚሊዮን ዶላር ያለፈ የመጀመሪያው ዝውውር ነበር። አጥቂ ሳትሆን የመሐል ተከላካይ ሆና ይህን ዋጋ ማውጣቷ ለእኔ ከገንዘቡ በላይ ይናገራል። የመሐል ተከላካይ የምትሸጠው እይታዋን ነው፤ ኳሱ ሳይመጣ የት እንደሚመጣ ማወቋን። ይህ ደግሞ በዕድሜ የሚበስል ነገር ስለሆነ በኮሌጅ ያሳለፈቻቸው ዓመታት አልጎዷትም።

እስካሁን ያነሳሁት ግን የደረሱትን ነው። ያልደረሱት በቴሌቪዥን አይታዩም። በአሜሪካ በከፍተኛው እርከን ብቻ ከ300 በላይ ዩኒቨርሲቲዎች የሴቶች ቡድን አላቸው፤ ግርማ በተመረጠችበት ዓመት 12ቱ የሊጉ ክለቦች በድራፍቱ የመረጡት ወደ 50 ተጫዋቾች ነው። የዩኒቨርሲቲዎች ስፖርት ማኅበሩ ራሱ ደጋግሞ እንደሚያስታውቀው ከሁሉም የኮሌጅ ስፖርተኞች ፕሮፌሽናል የሚሆኑት ከ2 በመቶ በታች ናቸው። በኮሌጅ ኮከብ መባልም ዋስትና አይሰጥም። የግርማ የስታንፎርድ ጓደኛ ካታሪና ማካሪዮ በኮሌጅ ኳስ ትልቁን ሽልማት ሁለት ጊዜ ወስዳ ሊዮን ሄደች፣ በ2022 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜም ጎል አስቆጠረች። ወዲያው ጉልበቷ ተጎዳና የ2023ቱ የዓለም ዋንጫ አመለጣት።

የኮሌጅ ጨዋታ ሕጉም ከፕሮፌሽናሉ ይለያል። የጨዋታ ዘመኑ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ ታጭቆ ያልቃል። ተቀይራ የወጣች ተጫዋች ተመልሳ ልትገባ ትችላለች። ይህ ጨዋታውን ፈጣንና ጉልበት የበዛበት ያደርገዋል፤ የደከመው ወጥቶ ተንፍሶ ይመለሳላ። እዚያ በፍጥነቷ ብቻ 20 ጎል የምታገባ አጥቂ ሙያዊ ሊግ ስትገባ 90 ደቂቃ ቦታዋን ጠብቃ የምታስብ ተከላካይ ትገጥማታለች። የጎል ብዛቷን ብቻ አይቶ የተማመነ አሰልጣኝ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ወንዶቹ ስንመጣ ነገሩ ይገለበጣል። የዙሪክ አንጋፋ ክለብ ግራስሆፐር በ1886 የተመሠረተው በአንድ እንግሊዛዊ ተማሪ ነው፤ የስዊዘርላንድ ኳስ አጀማመሩ የተማሪ ነበር። ዛሬ ግን ልጁን የሚይዘው ክለቡ ነው። በ16 ዓመቱ ያስፈርመዋል፣ ከ18 እስከ 20 ባለው ጊዜ ዋናው ቡድን ውስጥ ይሞክረዋል። አሜሪካዊው ተማሪ ዲግሪውን ይዞ በ22 ዓመቱ ሲመጣ የዙሪኩ ወይም የጄኔቫው ልጅ ሦስት አራት ዓመት ከትላልቅ ሰዎች ጋር ተጫውቷል። የጄኔቫው ተወላጅ ዴኒስ ዛካሪያ ከሰርቬት ወደ ያንግ ቦይስ፣ ከዚያም ወደ ጀርመን ቡንደስሊጋ ሲያልፍ ገና 20 ዓመቱ ነበር። በእርግጥ ከኮሌጅ የወጡ ወንዶችም አሉ፤ ክሊንት ዴምፕሲ ከፈርማን ዩኒቨርሲቲ ተነስቶ በፉልሃም ስሙን ተክሏል። ግን እነሱ የሚጠቀሱት ጥቂት በመሆናቸው ነው።

ስሙ ለአማርኛ አንባቢ የማይከብደው ማረን ኃይለሥላሴ ይህን መንገድ ያሳያል። በ1999 በዙሪክ ተወለደ፣ በኤፍሲ ዙሪክ አደገ፣ በውሰት ወደ ትንንሽ ክለቦች ወጥቶ ተፈተነ፣ ሉጋኖ ደረሰ። በ2023 ወደ አሜሪካው ቺካጎ ፋየር ተሻገረ። የሉጋኖና የቺካጎ ባለቤት አንድ ሰው ነው። ድራፍት ባለበት ሊግ ውስጥ ድራፍቱን ሳያይ በክለብ በር ገባ ማለት ነው። የድሬዳዋው ተወላጅ ፉአድ ኢብራሂም ደግሞ በ2007 ገና በ15 ዓመቱ ኮሌጅ ሳይገባ በድራፍት በኤፍሲ ዳላስ ተመርጦ ነበር። ታላቅ ተስፋ ተጣለበት። በሊጉ የተጠበቀውን ያህል አልገነነም፤ ሆኖም በ2013 ከዋልያዎቹ ጋር አፍሪካ ዋንጫ ተሰልፏል።

የክለብ አካዳሚውም ቢሆን የሚያበራውን ሁሉ አያደርስም። ስዊዘርላንድ በ2009 ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫን አቡጃ ላይ ናይጄሪያን 1 ለ 0 አሸንፋ ስትወስድ ከዚያ ቡድን ግራኒት ጃካ፣ ሀሪስ ሴፈሮቪችና የዙሪኩ ሪካርዶ ሮድሪገስ ትልቅ ደረጃ ደረሱ። ከቀሩት ብዙዎቹ በመካከለኛ ክለቦች ተበተኑ። በክሎተን የተወለደው ቻሪል ሻፑዊ ታይላንድ ሄዶ የአገሩ ኮከብ ሆነ። የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች የተባለው ናይጄሪያዊው ሳኒ ኢማኑኤል ግን እንደታሰበው አልሆነም። በ17 ዓመት ቀድሞ የጎለመሰ ልጅ ጓደኞቹን በጉልበት ይበልጣል፤ እኩዮቹ ሲደርሱበት ብልጫው ይጠፋል። ይህ በኮሌጅም በአካዳሚም አንድ ነው።

ስዊዞች ለዚህ ያዘጋጁት መከላከያ አላቸው። በዙሪክ የሬሚቡል የኪነ ጥበብና የስፖርት ጂምናዚየም፣ በጄኔቫ ደግሞ ስፖርትን፣ ኪነ ጥበብንና ትምህርትን የሚያጣምረው የመንግሥት ፕሮግራም ልጁ ጠዋት ሠልጥኖ ቀን እንዲማር የትምህርት ሰዓቱን ያስተካክሉለታል። የሙያ ትምህርትም ከአካዳሚ ጎን ለጎን ይሄዳል። ከጁቬንቱስ ጋር ሰባት የሊግ ዋንጫ ያነሳው ሽቴፋን ሊሽትሽታይነር የባንክ ሙያ የተማረ ሰው ነው። አሜሪካኖቹ ትምህርትንና ኳስን በአንድ ግቢ ሲያስሩ ስዊዞች በሁለት ተቋም ያስኬዱታል።

የሴቶቹም በር አሁን እየተለወጠ ነው። የአሜሪካ ሴቶች ሊግ በ2024 ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር በተፈራረመው ስምምነት ድራፍቱን አስቀርቶታል፤ ተጫዋቿ ራሷ ክለቧን ትመርጣለች። ከግራስሆፐር የወጣችው ሲድኒ ሸርተንላይብ በ17 ዓመቷ ባርሴሎና ገብታለች፤ እንግሊዝን በዙሪክም በጄኔቫም ከመሰናበት ያተረፈችው አጄማንግም ያደገችው በአርሰናል እንጂ በኮሌጅ አይደለም። ከአሥር ዓመት በኋላ በእንዲህ ያለ ውድድር የኮሌጅ ልጆች ቁጥር እንደሚቀንስ አምናለሁ። ቢሆንም ገና 17 ዓመቷ ላይ ላልጎለበተች፣ ወይም ትምህርቷን መተው ለማትፈልግ ልጅ ያ መንገድ ዛሬም ከሁሉ የተሻለ ነው።

ዙሪክ ወይም ጄኔቫ ያለ ወላጅ ስለዚህ መንገድ ሲያስብ መጀመሪያ ማየት ያለበት የትምህርቱን ዓይነት ነው። የአሜሪካ ከፍተኛ እርከን ዩኒቨርሲቲዎች ከሁለተኛ ደረጃ 16 ዋና ዋና የትምህርት ኮርሶች ተሟልተው እንዲገኙ ይጠይቃሉ፤ የጂምናዚየም ተማሪ ይህን ማሟላት ከሙያ ሠልጣኝ ይቀለዋል። ከክለብ ጋር ደመወዝ ያለው ውል መፈረምም በኮሌጅ የመጫወት መብትን ሊያሳጣ ስለሚችል ፊርማው ከመቀመጡ በፊት መጣራት አለበት። የነጻ ትምህርቱ ለአራት ዓመት የተረጋገጠ ነው ወይስ በየዓመቱ የሚታደስ? ልጅቷ ብትጎዳ ይቀጥላል? ያ አሰልጣኝ ባለፉት ዓመታት ለጀማሪዎች ስንት ደቂቃ ሰጠ፣ ከእሱ እጅስ ማን የት ደረሰ? ይህን ሁሉ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ እንዲልኩ መጠየቅ ነውር የለውም።