ከአምፖል ቅያሪ የሚያተርፈው ማን ነው?

የ60 ሻማ አምፖል ነቅሎ የ9 ዋት ኤልኢዲ የሚተክል ሰው ብርሃን አይጎድልበትም፤ ሁለቱም ወደ 800 ሉመን ይሰጣሉ። የድሮው አምፖል ከሚበላው ኃይል ብርሃን የሚሆነው ከመቶ አምስት እጅ ያህሉ ነው፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። በቀን አምስት ሰዓት ለሚበራ አምፖል ልዩነቱ በወር 7.65 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። ለብዙ ዓመታት ሳይነካ በቆየው የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ታሪፍ፣ ማለትም በ27 ሳንቲም ሲሰላ፣ ቁጠባው ሁለት ብር ነው።

በወር ሁለት ብር! በደቡብ ወሎ የቦረና ከተማ በሆነችው መካነ ሰላም ቆጣሪ ያስገባ ባለቤት ለዚህ ብሎ ውዱን አምፖል አልገዛም ቢል ማን ይፈርድበታል?

ከከተማዋ ወጣ ሲባል ግን ሂሳቡ መልኩን ይለውጣል። ቦረናን ከምሥራቅ ጎጃም የሚለየው ዓባይ ከደጋው ሥር በገደል ውስጥ ያልፋል። ወርዶ ወርዶ ጉባ ላይ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የሕዳሴ ግድብ ይሞላል። ከገደሉ በላይ ግን ከዋናው መስመር የራቀ ቤት ሲመሽ የሚያበራው በኩራዝ፣ በባትሪ ድንጋይ ወይም ጣሪያው ላይ ባሰረው ሶላር ነው። በ2011 ዓ.ም. የታደሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2025 ለሁሉም አዳርሳለሁ ሲል 35 በመቶውን ተጠቃሚ የመደበው ከዋናው መስመር ውጭ ለሆነ አቅርቦት ነበር። በተራራ ለተቆራረጠ አገር ይህ ምክንያታዊ ድልድል ነው።

የሶላር ቤት ባለቤት የወር ሂሳብ የለበትም። ታዲያ ኤልኢዲው ምን ይቆጥብለታል? ይህን ጥያቄ ቀድመው የመለሱት ጀልባ ያላቸው ሰዎች ናቸው። በዓለም አቀፉ የባሕር ደንብ መልሕቅ ጥላ የምታድር ጀልባ ከሁሉም አቅጣጫ የሚታይ ነጭ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ታበራለች። የ10 ዋት አምፖል በ12 ሰዓት ውስጥ ከባለ 12 ቮልት ባትሪ 10 አምፔር ሰዓት ይጠጣል፤ የ2 ዋት ኤልኢዲ ሁለት ብቻ። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ባትሪውን የሚሞላው የለም፤ ጠዋት ሞተር የሚያስነሳውም ያው ባትሪ ነው። ስለዚህ ጀልባ ያለው ሰው አምፖል ሲቀይር የሚያስበው ስለ ባትሪው ነው። በቦረና አጎራባች በሳይንት ወይም በወግዲ ያለ ባለ ሶላር ቤትም በኤሌክትሪክ ዓይን ሲታይ መልሕቅ የጣለች ጀልባ ነው።

በቁጥር እንየው። ሦስት አምፖል ያለው ቤት በምሽት አምስት ሰዓት ያብራ። የ40 ሻማ አምፖሎች ከሆኑ በቀን 600 ዋት ሰዓት ይፈልጋሉ፤ የ5 ዋት ኤልኢዲዎች 75። በቀን አምስት ሰዓት ያህል ጥሩ ፀሐይ ቢገኝና ብክነቱ ቢታሰብ፣ ለመጀመሪያው ቤት 160 ዋት ግድም የሚያመነጭ የሶላር ሰሌዳ ያስፈልጋል፣ ለሁለተኛው 20 ዋት። ባትሪው ላይ ልዩነቱ የባሰ ይታያል። በክረምት ደመናው ሲቀመጥ ቢያንስ ለሁለት ቀን የሚሆን ኃይል መጠራቀም አለበት፤ የአሲድ ባትሪ ደግሞ ከግማሽ በታች እየወረደ ከተሠራበት ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ የ40 ሻማ አምፖል ለሚያበራው ቤት 200 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግድ ነው፤ ለኤልኢዲው 25 ይበቃዋል። የመጀመሪያው ከ50 ኪሎ በላይ ይመዝናል። መኪና በማይገባበት ቁልቁለት ይህን በአጋሰስ ጭኖ ማውረድ ራሱን የቻለ ወጪ ነው፤ ትንሿን ባትሪ ግን ሰው ተሸክሟት ይሄዳል።

በአጭሩ ኤልኢዲ ለዚህ ቤት የሚቆጥበው ካፒታል ነው፤ ያውም ከስምንት ሰባት እጁን። የሶላር መብራት ገጠር ሊገባ የቻለው የሰሌዳው ዋጋ ስለወደቀ ብቻ ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። አምፖሉ ባይለወጥ ኖሮ ግን የረከሰውም ሰሌዳ ለገበሬ አይቀመስም ነበር።

በዋናው መስመር ላይስ? እዚያም የሚተርፈው ካፒታል ነው፤ የሚተርፈው ግን ለሌላ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 አገሪቱ መብራት በፈረቃ ስታድል የያኔው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በመጀመሪያው ዙር 350,000 ኃይል ቆጣቢ አምፖሎችን በነፃ አከፋፈለ። ጊዜው የኤልኢዲ አልነበረም፤ የታደሉት ጥምዝ የፍሎረሰንት አምፖሎች ናቸው። የዓለም ባንክ ባለሙያዎች ከአራት ዓመት በኋላ ባወጡት ጥናት ይህ ዙር 13.3 ሜጋዋት ያህል እንዳዳነ ገመቱ። በአንድ አምፖል 38 ዋት መሆኑ ነው። የሕዳሴው ግድብ በ5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደተሠራ ከወሰድን አንድ ሜጋዋት ወደ አንድ ሚሊዮን ዶላር ይወጣበታል፤ የነፃው አምፖል ያዳነው የ13 ሚሊዮን ዶላር ግንባታ ሆነ እንደማለት ነው። ኮርፖሬሽኑ አምፖል ያደለው ለደንበኛው ኪስ አዝኖ ብቻ እንዳልነበር ከዚህ ይገባል።

ያው ጥናት ደስ የማይል ነገርም አግኝቷል። በ18 ወራት ውስጥ ከቁጠባው 20 በመቶ ያህሉ ጠፋ። ፍጆታው ሲቀንስ መብራት እስከ እኩለ ሌሊት ማቆየት አይከብድም፤ በተረፈውም ኃይል ሌላ ዕቃ ይሰካል። ለድሃ ቤት ይህ ጥፋት ሳይሆን ትንሽ ምቾት ነው፤ ለኃይል ዕቅድ አውጪው ግን ጉድለት ሆኖ ይመዘገባል።

አሁን የሂሳቡ ሁለቱም ጎኖች ተንቀሳቅሰዋል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሩብ ዓመቱ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ተወስኗል። ኪሎዋት ሰዓቱ 3 ብር በሚደርስበት እርከን ላይ ያለ ቤት ከላይ ያየነው ቅያሪ በወር 23 ብር ይመልስለታል፤ ይህም የሁለት ብሩ ከአሥር እጥፍ በላይ ነው። በሌላ በኩል ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አልፏል። አምፖሉ፣ ሰሌዳውና ባትሪው የሚገቡት በዶላር ነው። የዶላሩ ጫና በጎላ ቁጥር ነጋዴው ርካሹን ዓይነት ወደ ማምጣቱ ያደላል።

ርካሹ ደግሞ ቶሎ ይቃጠላል። የባለ 12 ቮልት ባትሪ በቻርጅ ላይ ሳለ 14.4 ቮልት ድረስ ይወጣል፤ ውስጡ መቆጣጠሪያ የሌለው ኤልኢዲ ይህን ለረጅም ጊዜ አይችልም። ማዕበልና እርጥበት ያለባቸው ጀልበኞች ከ10 እስከ 30 ቮልት የሚቋቋም አምፖል የሚመርጡት ለዚህ ነው። በዋናው መስመር ላይም ኃይሉ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር የሚጎዳው ያው የውስጥ መቆጣጠሪያ ነው። ማሸጊያው ላይ 25,000 ሰዓት የተጻፈበት አምፖል ዓመት ሳይሞላው ከጠፋ፣ ገዢው ወደ ኩራዙ ቢመለስ የሚወቀሰው እሱ አይደለም።

የቀረው የክፍያው ጊዜ ነው። የደጋው ገበሬ እጅ ላይ ብር የሚገባው ገብሱ፣ ስንዴውና ባቄላው ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ፣ ወይም በግ ሲሸጥ ነው። በየወሩ እኩል የሚከፈል የሶላር ብድር ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያሳንቀዋል፤ ሰሌዳውም በደመና ምክንያት ብዙ የማይሰጠው በዚያው ወቅት ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር ስላለ በየጊዜው እየከፈሉ መጠቀም በአሠራር ደረጃ ይቻላል። አበዳሪው ክፍያውን ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ላይ አጠንክሮ ለክረምቱ ቢያላላው፣ ሰውየው 20 ዋቷን ሰሌዳ በአንድ ምርት ዘመን ከፍሎ ይጨርሳል።